የጋሽ ቀናው ክራቫት

በዚያ እሑድ ጠዋት አስቀድሞ የታየው ወተቱ ነበር። ከገላን ኮንዶሚኒየም መለስ ብሎ ወደ ወንዙ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ኮብልስቶን ላይ ነጭ መስመር ሠርቶ ይወርዳል፤ ውሾቹም ከሰው ቀድመው ደርሰው ይልሱታል። መስመሩን ሽቅብ የተከተለ ሰው መጀመሪያ ሁለት የተጨራመቱ የወተት ቢዶኖች ያገኛል፣ ቀጥሎ የተገለበጠች ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ከሞተሯ ሥር ደግሞ ጋሽ ቀናውን።

ጋሽ ቀናው ሞተሯን «አራት እግሬ» ነበር የሚሏት። ከአንድ ድርጅት ጨረታ ላይ ገዝተዋት፣ ከኋላዋ የብረት መጫኛ አስበይደውላት፣ በየማለዳው የላሞቻቸውን ወተት ለኮንዶሚኒየሙ ደንበኞች ያደርሱባት ነበር። ሰፈሩ መጀመሪያ ሰሞን ስቆባቸዋል። ፀጉሩ የሸበተ ሰው እንደ ጎረምሳ መሪ ጨብጦ ሲንደቀደቅ ማየት እውነትም ያስቃል። በኋላ ግን በሞተሯ ድምፅ ከእንቅልፉ የሚነሳው ብዙ ሆነ።

ሐጀራ ሰዉን እየገፋች መሃል ስትደርስ ሻርፗ ከራሷ ወድቆ ነበር። በትልቁ አስፋልት ዳር የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አላት፤ ከሱቋ ጎን ታናሽ ወንድሟ ኑሪ ሞተር ይጠግናል። የዚህችን ሞተር የኋላ ግራ ሾክ፣ ማለት ንዝረቱን የሚያበርደውን ባለ ሞላ የዘይት ቱቦ፣ ሐሙስ ዕለት የቀየረው ኑሪ ነው። አሮጌው ዘይት ያፈስ ነበርና አዲስ የሸጠችላቸው ሐጀራ ናት። አሁን ያ ሾክ የታችኛው ማሰሪያው ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ይዞት የነበረው ቡሎን የለም።

«የኑሪ ሥራ ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከሰዉ መሃል። «ሳያጠብቀው ሰደዳቸው!»

ሌላው ተቀበለው፤ ሦስተኛው ጨመረበት። ሐጀራ ማንን ዝም እንደምታሰኝ ጨነቃት። ወደ ላይ፣ ከጋሽ ቀናው ግቢ በኩል፣ ልጃቸው ሶሊያና ትጮሃለች፤ ሴቶች በሁለት ወገን ይዘዋት ወደ አስከሬኑ እንዳትወርድ ይታገሏታል።

የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ወለተሥላሴ ነበረች። ጡረታዋ የደረሰ፣ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሁሉም ሞተሯን ሲያይ እሷ ሟቹን አየች። ተንበረከከችና እስከ ጉሮሮ የተቆለፈውን የዝናብ ካፖርት ኮሌታ ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ጥቁር ሙሉ ልብስና ክራቫት ነበር።

«ወተት ለማደል ክራቫት ይታሰራል?» አለች።

«እሑድ አይደል፤ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ አስበው ይሆናል» አላት አብሯት የመጣው ወጣት ፖሊስ።

ኢንስፔክተሯ ግን ክራቫቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቋጠሮው ወደ ጆሮ ሥር ዞሯል፤ ጥጃ የታሰረበት ገመድ ይመስል ነበር። ሐጀራ ከአጠገቧ ቆማ እሷም አየችው። ከዚያ ኢንስፔክተሯ የተወለወሉትን ጫማዎች ተመለከተችና ኮሌታውን እንደነበረው መልሳ ከደነችው።

ቡሎኑንና ዳዶውን ፖሊሶች ከጋሽ ቀናው ግቢ በር ብዙም ሳይርቅ መንገድ ላይ አገኟቸው። ኑሪ ጋራዡን እየከፈተ ሳለ ተያዘ። እጁን ሲይዙት ዘወር ብሎ እህቱን አያት፤ እሷም አየችው። ከዚያ በላይ ያደረገችለት ነገር የለም፤ የምታደርገውም አልነበራትም።

*

ሐጀራ በማግሥቱ ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዛ ጣቢያ ስትሄድ ኢንስፔክተሯ ከበር ጠራቻትና ከኑሪ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት።

«ይብላ» አለች። «እየበላ ይመልስልኛል። ሐሙስ ዕለት ምን ሠራህ?»

ኑሪ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሰም። «ግቢያቸው ድረስ ሄጄ ቀየርኩት። ጋራዥ ያላስመጣኋት እንዳይነዷት ብዬ ነው። ዘይት በሚያፈስ ሾክ ያን ሁሉ ወተት ጭኖ ያንን ቁልቁለት መውረድ ሞት ነው ብዬ ቀደም ብዬ ተቆጥቻቸው ነበር። ‹ከሥሯ ዘይት ካዩ እንዳይነኳት› አልኳቸው። ሰሙኝ። ዕቃው እስኪገኝ ወተቱን በባጃጅ እየላኩ እሳቸው ቤት ዋሉ።»

«ስትቀይር ማን ነበር?»

«እሳቸው ቆመው ያያሉ። ሶሊያና በስልኳ ታበራልኛለች፤ ከመጫኛው ሥር ይጨልማል።»

«የት ሆና ነው የምታበራልህ?»

«ከኋላ። እኔ ከጎማው ፊት ተቀምጬ፣ እሷ ከሞተሯ ኋላ ቁጢጥ ብላ፤ ፊት ለፊት ነበርን። መፍቻም እያቀበለች። ጎበዝ ናት፤ ‹ይሄ ለምንድን ነው? ያኛውስ?› እያለች ስትጠይቀኝ ነበር።»

«አሮጌውን ሾክ ምን አደረግከው?»

«አስረከብኳቸው ነዋ! አሮጌውን በእጁ ካልያዘ አዲሱ መግባቱን የሚያምን ደንበኛ የት አለ? ጋሽ ቀናው ተቀበሉኝ። የት እንዳኖሩት አላየሁም።» ማልቀስ ጀመረ። «ኢንስፔክተር፣ ያንን ዳዶ እስኪያቃስት ነው ያጠበቅኩት። እንዴት ወጣ? እኔ ራሴ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። እንዴት ወጣ?»

ሐጀራ ወንድሟ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ካየች ብዙ ዓመቷ ነው። ከአባታቸው ሞት ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሙያውንም ሱቁንም አንድ ላይ ወርሰው አንድ ላይ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ኑሪ ከተፈረደበት እሷ ሱቁን ከፍታ ምን ልትሆን?

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። «ነይ እስቲ፣ እህቴ። አንድ ነገር ታዪልኛለሽ።»

አራት እግሬ በጣቢያው ጓሮ በጎኗ ተጋድማለች። ሐጀራ ምን እንደምትጠየቅ ሳይነገራት ገባት። ከሱቋ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ የማይታይ ቦታ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ይነካዋል፤ ያረጀ ዕቃ ይዞ መጥቶ «ትናንት የሸጥሽልኝ ነው፣ ቀይሪልኝ» የሚል ብልጥ ስለማይጠፋ ነው። ሾክ ሲሆን ምልክቱ ከላይኛው ቀለበት ሥር ነው። ይህንን የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ ያውቃል፤ ኢንስፔክተሯም ሰምታ ነበር።

ሐጀራ ጎንበስ አለች። በጣቷ ጠረገች። እንደገና ጠረገች። ቱቦው ዘይት አልብሶት አቧራ ጋግሮበታል፤ ከሥሩ ግን ቀይ ነገር የለም።

ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። «አለ፣ ደብዝዟል እንጂ» ብትል ማን ያጣራባታል? የወንድሟ ዓይን ትዝ አላት። ግን ደግሞ ከሥሩ የተጋደሙት ጋሽ ቀናውም ትዝ አሏት፤ ሱቋ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ እንዴት አደርሽ» የሚሉት።

«የለም» አለች።

«ምኑ?»

«ምልክቱ። የሸጥኩት ይሄ አይደለም። ይሄ አሮጌው ነው።»

ወጣቱ ፖሊስ ጭኑን መታ። «አለቀ! አዲሱን ለራሱ አስቀርቶ አሮጌውን ጠርጎ መልሶ ገጠመላቸው ማለት ነዋ። እህቱ ራሷ መሰከረች።»

ሐጀራ የሞተሯ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሜን በገዛ አፌ ቀበርኩት አለች በልቧ።

ኢንስፔክተሯ ግን ከፀጉሯ መርፌ ቁልፍ አወጣች። በሞላው ቀለበቶች መሃል አስገብታ ከውስጥ፣ ዘይት ካራሰው ቦታ፣ ቡናማ ስስ ነገር ጫረችና ወረቀት ላይ አራገፈች። አሸተተችው።

«ምን ይመስልሻል?»

«ፉርሽካ…» አለች ሐጀራ ቀስ ብላ። «የላም ፉርሽካ።»

«ወንድምሽ ጋራዥ ውስጥ ላም ያረባል?»

ለሐጀራ ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያው የተስፋ ቃል ይህ ነበር። ኢንስፔክተሯ ግን ወደ ሌላ ነገር አልፋለች፤ በቀኝና በግራ ሾኮች ላይኛው ማሰሪያ ላይ ያሉትን ቡሎኖች በየተራ ትመለከታለች።

«ወንድምሽ ቡሎን ከየት በኩል ነው የሚያስገባው?»

«ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ። አባታችን እንደዚያ ነው ያስለመደን።»

«የቀኙ እንደዚያ ነው። የግራው ግን የቡሎኑ ጭንቅላት ወደ ኋላ ነው ያለው፤ ከኋላ ነው የገባው።» መነጽሯን አወለቀችና የማይወደድ ወሬ እንደሰማች ሰው ፊቷን አጨማደደች። «ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

*

ጋሽ ቀናው በዚያው ቀን ተቀበሩ። አስከሬኑ ከምርመራ የተመለሰው ታሽጎ ስለነበር ቤተሰቡ ፊታቸውን እንኳ አላየም። ሐጀራ ከፖሊስ ጋር ወደ ዕድሩ ድንኳን ስትገባ የማያውቃት የለም፤ ቦታ የለቀቀላት ግን አልነበረም። በሩ አጠገብ እንደቆመች «ነፍስ ይማር» አለች።

እትዬ የሺሐረግ፣ የሟቹ ባለቤት፣ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል።

«እሑድ ጠዋት እኔ ቅዳሴ ነበርኩ» አሉ። «ጠላት ይሉኛል፤ ቀናው ምን ጠላት አለው? ቁጡ ነው፣ ይጮሃል፣ ወዲያው ይረሳል። ከላሞቹ ጠባቂ ከያደታም ጋር ወተቱን አስኮመጠጥክ ብሎ ባለፈው ሰሞን በሰው ፊት ተጨቃጭቋል። የሮሪሳም ነገር አለ።»

«የሮሪሳ ምን?»

«ሶሊያናን ሊያገባ ይፈልጋል። ማረሚያ ቤት ጠባቂ ነው። ቀናው ‹ሌሊት እስረኛ ሲጠብቅ አድሮ ቀን ለሚያንኮራፋ ሰው ልጄን አልሰጥም› አለ። ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆረጠ፤ ያ እሑድ መሆኑ ነው። ‹እኔ ወተት አድላለሁ፤ እነሱ ውሃ ጠጥተው ይሂዱ› አለኝ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ሽማግሌዎቹ ደርሰው በሩን ሲያንኳኩ ነው እኔም ከቅዳሴ ተመልሼ መርዶውን የሰማሁት። ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ናቸው ባሌን ያለቀሱልኝ።»

ሮሪሳ ከድንኳኑ ጥግ፣ ለባዕድ በሚሰጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«‹ቢወዱም ባይወዱም አገባታለሁ› ብለህ ዝተሃል ይባላል» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ብያለሁ። ግን ሽማግሌ የሚልክ ሰው ሊገድል አስቦ ይልካል?»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ተረኛ ነበርኩ፤ እሑድ ረፋድ ነው የወጣሁት። የእኛ በር ደግሞ፣ ኢንስፔክተር፣ ማንንም ዝም ብሎ አያስወጣም።»

ያደታን ያገኙት ላሞቹ ዘንድ ነበር። ጋሽ ቀናው ዘንድ አርጅቷል ማለት ይቻላል፤ ስማቸው ሲነሳ ፊቱን ወደ ላሞቹ አዞረ።

«እሑድ ጠዋት ምን ሠራህ?»

«አለብኩ። ግቢውን አጠብኩ። ወተቱን ጫንኩ። ጋሼ ሄዱ።»

«ሁልጊዜ ከመጫንህ በፊት ነው የምታጥበው?»

«አይ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። የዚያን ቀን አስቀደምኩ።»

«ለምን?»

«ታዘዝኩ» አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ማን እንዳዘዘው መጠየቅ ቀላል ነበር። ኢንስፔክተሯ ሳትጠይቀው ቀረች፤ ሐጀራም ይህ ገረማት።

«ከሞተሯ ሥር ምንም አላየህም?»

«ማዳበሪያ ተዘርግቶ ነበር፤ ነጩ፣ የመኖ ከረጢቱ። ገና ሳይነጋ ስለነበር በደንብ አላየሁትም። ነፋስ ያመጣው መስሎኝ አጣጥፌ ከሌሎቹ ጋር ጣልኩትና ውሃ ለቀቅኩበት።»

የመኖ ክፍሉ ቁልፍ ከማድቤት በር ጀርባ ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ከቤተሰቡ የማያውቀው የለም። ኢንስፔክተሯ ባዶ ከረጢቶቹን እየገለጠች አየች። አንዱ ሲዘረጋ መሃሉ ላይ ጠብ ጠብ ያለ የዘይት ነጠብጣብ ነበረበት። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ተከፈተው የፉርሽካ ጆንያ እስከ ክንዷ ገባች። ስትወጣ አዲስ ሾክ ይዛ ነበር። ሐጀራ ተቀብላ ከላይኛው ቀለበት ሥር አየች። ቀይ ነው።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሳታስበው። «የኔ ነው! ኑሪ ሠርቷል፤ በትክክል ሠርቷል!»

«ወንድምሽስ ይወጣል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ክንዷ ላይ ያለውን ፉርሽካ እያራገፈች። «በእሱ ፈንታ ማን እንደሚገባ ነው ያልወደድኩት።»

*

በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሞላ። ኢንስፔክተር ወለተሥላሴ ቤተሰቡን፣ ያደታን፣ ሮሪሳንና የእሑዶቹን ሽማግሌዎች ወደ ፊት እንዲቀመጡ ለመነች። ሐጀራም በዚህ ጊዜ ወንበር ተሰጣት።

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ይህን ማውራት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። «ግን አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ታስሯል። ይቅርታችሁን።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ጋሽ ቀናው የሞቱት የኋላ ሾካቸው ማሰሪያ ተፈትቶ ነው። ሁላችንም ኑሪ ሳያጠብቅ ቀረ አልን። ግን ሞተሯ ላይ የነበረው ሾክ ኑሪ ሐሙስ የገጠመው አይደለም። የሐጀራ ምልክት የለበትም። አሮጌው ነው፤ የሚያፈሰው። ታዲያ ኑሪ አጭበረበረ ይሆን? እንደሱ እንዳልል ሞላው ውስጥ ፉርሽካ ተጣብቆ አገኘሁ። ዘይት የነካው ዕቃ የነካውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ያ ሾክ ከሞተሯ ተፈትቶ ፉርሽካ ውስጥ አድሮ ነበር። ኑሪ እንደ መካኒክ ደንብ አሮጌውን ለባለቤቱ አስረክቧል፤ ባለቤቱም መኖ ክፍል ጥለውታል። ስለዚህ ሾኩ የተመለሰው እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ በቤት ሰው እጅ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ተሰማ። ያደታ ወንበሩን ጨብጦ ያዘ።

«አሁን ጥያቄው ለምን የሚለው ነው። ሰው መግደል የፈለገ ዳዶ ያላላል፤ ሾክ ለመቀየር አይለፋም። ሌባ ቢሆን አዲሱን ይዞት ይሄዳል፤ እኛ ግን እዚሁ ፉርሽካ ውስጥ አገኘነው። እንግዲህ አሮጌው ሾክ አዲሱ የማይሠራው ምን ይሠራል? ዘይት ያንጠባጥባል። ሌላ ጥቅም የለውም።»

ነጩን ከረጢት አነሳች። ዘረጋችው።

«ይህ ከሞተሯ ሥር ተነጥፎ ነበር። ጥቁር መሬት ላይ ዘይት አይታይም፤ ነጭ ላይ ግን ማንም ያየዋል። ዘይቱ እንዲታይ የፈለገ ሰው ነው ያነጠፈው። የሚገድሉትን ሰው አያስጠነቅቁትም፤ ይሄ ሰው ግን አስጠንቅቋቸዋል። ዘይቱን አይተው፣ የኑሪን ቁጣ አስታውሰው፣ ያን ቀን ከቤት እንዳይወጡ። ዳዶውን በጣቱ ብቻ አዙሮ የተወው የማትነዳ ሞተር ማጥበቅ ምን ያደርጋል ብሎ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እሑድ ጠዋት ጋሽ ቀናው ቤት እንዲውሉ ከልቡ የፈለገ። ሮሪሳ ይፈልጋል፤ ግን ተረኛ ነበር፤ ሄጄ አረጋግጫለሁ። ያደታ ቢሆን የገዛ ማስጠንቀቂያውን አንስቶ አያጥብም። እትዬ የሺሐረግ መፍቻ ይዘው አያውቁም። ሾኩን የገጠመው ሰው ሥራውን ያየው ከኋላ ሆኖ ነው፤ ቡሎኑን ያስገባው ተቀምጦ ባየበት በኩል ነውና። ኑሪ ሲሠራ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም፤ ሶሊያና ከእናቷ አጠገብ ተነስታ ቆማለች። ጥቁር ልብሷ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ አልያዘ ብሏል።

«ጎማ ባስተነፍስ ራሱ ይነፋዋል» አለች። የምትናገረው ለማንም አይመስልም። «ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም። ዘይቱን ግን ይፈራው ነበር። ቅዳሜ ማታ ላይ እሱ ዕድር ሲሄድ፣ ያደታ ሲያልብ፣ ቀየርኩት። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቤት ይኑር ብዬ ነው። ካያቸው እምቢ እንደማይል አውቃለሁ። ከሄዱ በኋላ አዲሱን ልመልሰው ነበር… እሑድ ለእንግዶቹ ዶሮ እየገነጠልኩ ሞተሯ ስትነሳ ሰማኋት። ሮጥኩ። በሩ ላይ ቆሜ ‹አባዬ ቁም!› አልኩ። ሞተሯ ትጮሃለች። አልሰማኝም። ዞር ብሎ እጁን አወዛወዘልኝ።»

እትዬ የሺሐረግ የልጃቸውን ቀሚስ ጨምድደው ያዙ።

ሐጀራ ከሦስት ቀን ወዲህ ስትረግመው የከረመችውን ሰው አሁን ፊት ለፊት አገኘችው፤ እርግማኑ ግን ከአፏ ጠፋ። «ኑሪን ግን…» አለች ብቻ። «ኑሪን ለምን ዝም አልሽው?»

«አፌ እምቢ አለኝ፣ እትዬ ሐጀራ። በየቀኑ እነሳለሁ፤ እምቢ ይለኛል።»

በዚህ ጊዜ ያደታ ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት!» አለ እየጮኸ። «ከረጢቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ! እኔን እሰሩኝ!»

ኢንስፔክተሯ ዝም እንዲል እጇን ዘረጋችለት። ሐጀራ ያኔ ነው የገባት፤ በቀብሩ ዕለት ማን እንዳዘዘው ሳትጠይቀው የቀረችው መልሱን ስለምታውቀው ነበር። ይህ ነገር ሳይነገር እንዲያልፍ ፈልጋ ነበር። ያደታን ግን ማን ያቁመው?

«ጋሼ ናቸው ያዘዙኝ! ‹ዛሬ እንግዶች አሉብኝ፤ ግቢው ፋንድያ ፋንድያ እንዳይል ቀድመህ እጠበው። እኔ ወተቱን ቶሎ አድርሼ ሳይመጡ እደርሳለሁ። ለሴቶቹ እንዳትነግር፣ ሲያዩኝ ይደንግጡ› አሉኝ። እየሳቁ ነበር። ባላጥበው ኖሮ ያዩት ነበር! ባላጥበው ኖሮ…»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሮሪሳ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ሶሊያና አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስል መሃል ላይ ቆመ።

«ሳይመጡ እደርሳለሁ አለ?» አለች ሶሊያና በቀስታ። «አባዬ?»

ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

«አስከሬኑን አላሳዩንም። እርስዎ አይተውታል። ምን ለብሶ ነበር?»

ኢንስፔክተር ወለተሥላሴ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ብዙ ጠረገችው።

«ሙሉ ልብሳቸውን» አለች በመጨረሻ። «ከካፖርቱ ሥር። ጫማቸውንም ወልውለዋል።»

«ክራቫትም አድርጎ ነበር?»

«አዎ።»

«እንዴት ይሆናል? አባዬ ክራቫት ማሰር አይችልም። ለሰርግም ለክርስትናም እኔ ነኝ የማስርለት። እማዬ ቅዳሴ ነበረች፣ እኔ ማድቤት ነበርኩ። ማን አሰረለት?»

ሐጀራ ያንን ቋጠሮ አስታወሰችው። ወደ ጆሮ ሥር የዞረውን። ዓይኗን ከሶሊያና አነሳች።

«ራሳቸው ናቸው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እንዴት አድርጎ?»

«ጥጃ እንደሚያስሩ አድርገው።»

ሶሊያና ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። በእርግጥ ሳቅ ነበር፤ ሁሉም ሰምቶታል። ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ ግን ሰፈሩ ከዚያ በኋላ ማውራት አይወድም።

ኢንስፔክተሯ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። ከዚያ ትከሻዋን አቅፋ በድንኳኑ መሃል ይዛት ወጣች፤ ሮሪሳም የግቢውን በር ከፈተላቸው። ኑሪ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። ከእህቱ ጋር በቁልቁለቱ ሲያልፉ ወተቱ የፈሰሰበት ኮብልስቶን ላይ ቆም አለና «ማን ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

ሐጀራ ክንዱን አጥብቃ ያዘች። ይዛውም ወደ ቤት ሄደች።